ክብሪቱን ከመጫራችሁ በፊት፦ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የታቀደ ቃጠሎ እንዴት ይሠራል

ሥራዬን ለሰው ስናገር ፊቱ ይለዋወጣል። «ፓርክ ውስጥ ሆን ብለህ እሳት ትለኩሳለህ? ደመወዝ እየተከፈለህ?» አዎ። ፈቃድ ይዤ፣ በጽሑፍ የጸደቀ ዕቅድ ይዤ፣ ከኋላዬ የውሃ መኪና አቁሜ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይብሳል፦ «አያመልጣችሁም?» አልፎ አልፎ ያመልጣል። እንዳያመልጥ የምናደርገውን ነው እዚህ የምጽፈው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ይህን አንብቦ ብቻውን ችቦ የሚያነሳ ሰው እንዳይኖር። ሥራው ሥልጠና፣ ቡድንና የፓርኩን አስተዳደር ፈቃድ ይጠይቃል። ለአዲስ ገቢ ባልደረባ፣ ወይም ፓርክ አጠገብ እየኖረ ጭስ ባየ ቁጥር ለሚደነግጥ ሰው ግን ነገሩን ከውስጥ ማየቱ ይጠቅመዋል።

መጀመሪያ ማገዶውን ማንበብ

የሰደድ እሳትን ጠባይ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የአየሩ ሁኔታ፣ የመሬቱ አቀማመጥና ማገዶው። ነፋሱን ማዘዝ አንችልም። ዳገቱን መደልደልም አንችልም። እጃችን የሚደርሰው ማገዶው ላይ ብቻ ነው፤ የታቀደ ቃጠሎም ይህንኑ ማገዶ ሆን ብሎ በልክ ማቃጠል ነው። ማገዶ ስል ተፈልጦ የተከመረውን ማለቴ አይደለም። ደረቅ ሣሩ፣ የረገፈው ቅጠል፣ ጭራሮው፣ የወደቀው ግንድ፣ ከሥር ያለው ብስባሽ፣ ሁሉም ማገዶ ነው።

እኛ ማገዶን በውፍረቱ እንከፍለዋለን። ከእርሳስ የማይወፍረው ሣርና ጭራሮ የአየሩን እርጥበት በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይከተላል። ጠዋት ረጥቦ ያየኸው ሣር ረፋድ ላይ ክብሪት ይጠብቃል። አውራ ጣት የሚያህለው እንጨት ወደ 10 ሰዓት ይፈልጋል፤ ክንድ የሚያህለው ወደ 100 ሰዓት። ትልልቁ ግንድ 1000 ሰዓት፣ ማለትም ከአርባ ቀን በላይ። ስለዚህ «ትናንት ዘንቧል፣ አይነድም» የሚል ሰው ስለ ሣሩ ተሳስቷል። «ዛሬ ፀሐይ ነው፣ ሁሉም ይነዳል» የሚለው ደግሞ ስለ ግንዱ ተሳስቷል።

ከውፍረቱ ሌላ የማየው አቀማመጡን ነው። መሬት ላይ ያለ እሳት ብቻውን ትልቅ ዛፍ አይጨርስም። መሰላል ካገኘ ግን ሌላ ነው። ሣሩ ቁጥቋጦውን ይነካል፣ ቁጥቋጦው ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ፣ ቅርንጫፉ ጫፉን። እሳት ዛፍ አናት ላይ ከወጣ በኋላ በአካፋ የሚሠራ ሥራ አይኖርም። መኪናችሁን አዙራችሁ መሄድ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። በአሜሪካ ፓርኮች ለብዙ አሥርት ዓመታት ደንቡ እሳት በታየበት ቦታ ሁሉ ማጥፋት ነበር። ሐሳቡ ቅን ነው። ውጤቱ ግን በየዓመቱ የሚከመር ማገዶ ሆነ። በ1958 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኤቨርግሌድስ ፓርክ የመጀመሪያው የታቀደ ቃጠሎ ተካሄደ። በ1968 ደግሞ የሴኮያና የኪንግስ ካንየን ፓርኮች ጀመሩ። እዚያ ያሉት ግዙፍ የሴኮያ ዛፎች ፍሬያቸው በእሳት ሙቀት ነው በደንብ የሚከፈተው። ዘሩም ቅጠል ያልሸፈነው ባዶ አፈር ይፈልጋል። እሳቱን ሲያጠፉባቸው ችግኝ ማፍራት አቃታቸው። በደቡብ አፍሪካ ክሩገር ፓርክ ከ1954 ጀምሮ አንዱ ቦታ በየዓመቱ፣ ሌላው በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ይቃጠላል፤ አንዱ ደግሞ ጭራሽ አይነካም፤ ልዩነቱ እስከ ዛሬ ይለካል። በአውስትራሊያ ካካዱ ፓርክ ደግሞ የአገሬው ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በደረቁ ወቅት መጀመሪያ ላይ፣ ሣሩ ገና እርጥበት ሳይለቀው፣ ቁራጭ ቁራጭ እያደረጉ ያቃጥላሉ። ዘግይቶ የሚነሳው ኃይለኛ እሳት የተቃጠለው ቦታ ላይ ሲደርስ የሚበላው ያጣል።

«ይሠራል ወይ?» ለሚለኝ የምጠቅሰው አንድ ምሳሌ አለኝ። ሐምሌ 2022 በአሜሪካ ዮሰሚቲ ፓርክ ማሪፖሳ በሚባለው የሴኮያ ደን ላይ ሰደድ እሳት ተነሳ። በደኑ ውስጥ ከ500 በላይ ያረጁ ሴኮያዎች አሉ። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እዚያ እየተመላለሱ ሲያቃጥሉ ስለቆዩ፣ እሳቱ ወደ ዛፎቹ ሲጠጋ ነበልባሉ ዝቅ አለ። ዛፎቹ ተረፉ።

እሳት ያልለመደ ቦታም እንዳለ አትርሱ። ዓመቱን ሙሉ እርጥብ የሆነ ደን፣ ቅርፊቱ ስስ የሆነ ዛፍ የሚበዛበት ሸለቆ፣ ወይም ፒት የሚባለው ጥቁር ብስባሽ አፈር ያለበት ረግረግ አይለኮስም። ፒቱ አንዴ ከተያያዘ ከመሬት በታች ለወራት ይጨሳል። «እሳት ለደን ጥሩ ነው» የሚባለው ለሁሉም ደን አይሠራም።

ሳይለኩሱ መቀነስ

ብዙ ሰው የማያውቀው የዚህ ሥራ ክፍል ይሄ ነው፤ ለወራት መጋዝ ይዘን ነው የምንውለው። ማገዶው በጣም ከተከመረ በቀጥታ መለኮስ አይቻልም። አስቀድሞ ቀጫጭኑ ዛፍ ይሳሳል፣ ዝቅ ያለው ቅርንጫፍ ከሰው ቁመት በላይ ድረስ ይመለመላል። የተቆረጠው ተከምሮ ይደርቃል።

ክምር ስትሠሩ እነዚህን ልብ በሉ። ጉቶ ላይ አትከምሩ፤ ጉቶው እሳቱን ይዞ ይከርማል። ከቆመ ዛፍ ሥርም አታድርጉት። ጭራሮውን መሐል፣ ወፍራሙን ላዩ ላይ አድርጉና እንዳይናድ ጠቅጥቁት። አናቱን በወፍራም ወረቀት ወይም በሸራ ሸፍኑት፤ ዙሪያው ሲረጥብ መሐሉ ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ዝናብ ወይም በረዶ መሬቱን እስኪያረጥብ ጠብቁ። በለኮሳችሁበት ቀን ግን ዝም ብላችሁ እሳት አትስደዱበት። ወራት የቆየ ክምር ቤት ሆኗል። ጃርት፣ እባብ፣ ኤሊ ገብቶበታል። በዱላ ነካ ነካ አድርጉት፣ ከዚያ ከአንድ ወገን ብቻ ለኩሱ፤ ያለው ነፍስ በሌላው ወገን ይውጣ።

«በረዶ ስላለ አይሄድም» ብሎ ክምርን ረስቶ መሄድ ምን እንደሚያመጣ በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ግዛት ሰዎች ያውቁታል። በጥር 2022 የተቃጠለ ክምር ሦስት ጊዜ በረዶ ወርዶበት፣ ከሥሩ ረመጡን እንደያዘ ሚያዝያ ላይ ተነሳ። ከሌላ አምልጦ ከነበረ የታቀደ ቃጠሎ ጋር ተገናኝቶ በግዛቲቱ በተመዘገበ ታሪክ ትልቁ ሰደድ እሳት ሆነ፤ ከ340 ሺህ ኤከር በላይ በላ። የሁለቱም መነሻ እንደኔ ያሉ ሰዎች ያነደዱት እሳት ነው። ይህን ሳነብ ለሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መስመሩ

የሚቃጠለው ቦታ ዙሪያውን በመስመር ይታጠራል። መንገድ፣ ወንዝ፣ አለት ካለ ጥሩ፤ ከሌለ በዶማና በመቧጠጫ እስከ ባዶ አፈር ድረስ ይጠረጋል። እስከ ባዶ አፈር ነው ያልኩት። ቅጠሉን ገፍቶ ብስባሹን መተው የውሸት መስመር ነው። ሥር ካገኛችሁ ቁረጡት። የጠረጋችሁትን ደግሞ ወደ ሚቃጠለው ወገን አትከምሩት፤ መስመሩ አጠገብ ተጨማሪ ማገዶ እያስቀመጣችሁ ነው።

ከመስመሩ አጠገብ ቆሞ የደረቀ ዛፍ ካለ ወይ ይቆረጣል ወይ ዙሪያው ይጸዳል። እሳት የገባበት ደረቅ ግንድ ጭስ ማውጫ ነው። ከአናቱ ፍንጣሪ ይረጫል፣ ነፋሱም መስመራችሁን አሻግሮ ይወስደዋል። ማትረፍ የምትፈልጉት ያረጀ ዛፍ ሥር ለዘመናት የተጠራቀመ ቅርፊትና ቅጠል ካለም ቀድማችሁ ጥረጉት። ነበልባሉን የቻለ ዛፍ ሥሩ ላይ ቀን ከሌሊት በሚጨስ ብስባሽ ሲሞት አይቻለሁ።

ቀኑን መምረጥ

ዕቅዱ ውስጥ የሙቀት፣ የእርጥበትና የነፋስ ከፍተኛና ዝቅተኛ ልክ ተጽፏል። ልኩ እንደየማገዶው ይለያያል። ለምሳሌ በጥድ ደን ወለል ላይ ለሚሄድ ዝቅተኛ እሳት ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ይመረጣል። ከዚያ ሲወርድ እሳቱ ይፈጥናል፤ ሲያልፍ ደግሞ እየተቆራረጠ፣ እያጨሰ፣ ሥራ ሳይሠራ ይጠፋል።

እርጥበቱን የምለካው በእጅ ነው። ዲጂታሉም አለኝ፣ ግን አሮጌውን አምነዋለሁ። ሁለት ቴርሞሜትር ጎን ለጎን የታሰሩበት ሰሌዳ ነው፤ የአንደኛው ጫፍ ጥጥ ጨርቅ ለብሷል። ጨርቁን በንጹሕ ውሃ አርሳለሁ። ጥላ ውስጥ እቆማለሁ፣ ፊቴን ወደ ነፋሱ አዙሬ። ከዚያ እጀታውን ይዤ እንደ ወንጭፍ አሽከረክረዋለሁ። አቆማለሁ፣ አነባለሁ። እንደገና። የእርጥቡ ቁጥር መውረዱን ሲያቆም ሁለቱን ቁጥሮች ይዤ ሠንጠረዡ ላይ እርጥበቱን አገኛለሁ። ይህን በየሰዓቱ አደርጋለሁ፤ ነገሩ ከተቀያየረ በየግማሽ ሰዓቱ።

ለምን እንዲህ ውሃ ቀጠነ እላለሁ? ሙቀቱ በ11 ዲግሪ ገደማ ሲጨምር፣ ሌላ እርጥበት ካልገባ፣ አንጻራዊው እርጥበት፣ ማለትም አየሩ ሊይዝ ከሚችለው ውሃ ውስጥ የያዘው ድርሻ፣ በግማሽ ይወርዳል። ጠዋት በ18 ዲግሪ 50 በመቶ የነበረ አየር ከሰዓት በ29 ዲግሪ 25 በመቶ ነው። አየሩ ያው ነው፤ እሳቱ ግን ሌላ ነው።

ነፋስ ላይ ጀማሪዎች ሁሉ የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። ነፋስ የሌለበት ቀን ደህና ይመስላቸዋል። እኔ እሱን ነው የምፈራው። ነፋስ ሲጠፋ እሳቱ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም፣ ጭሱም ከላያችሁ ላይ አይነሳም። ከአንድ አቅጣጫ የሚመጣ፣ ቀስ ያለና የማይቋረጥ ነፋስ ነው የሚሻለው።

አንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ነበር። ሃያ ምናምን ሰው፣ ሦስት የውሃ መኪና፣ ከበላይ የመጡ እንግዶች፣ ካሜራ ሳይቀር። ለአጎራባቹ ሰው ሁሉ ተነግሯል። አራት ሰዓት ላይ ስለካ 34 በመቶ። አምስት ሰዓት ላይ 29። የዕቅዱ ዝቅተኛ ልክ 30 ነው። «ለአንድ ቁጥር ብለህ ነው?» አለኝ አንዱ እንግዳ። አዎ፣ ለአንድ ቁጥር ብዬ። ቁጥሩ ገና እየወረደ ነበር። «ዛሬ አይለኮስም፣ ዕቃ ጫኑ» አልኩ። ፊታቸው እንደ ኮሶ መረረ። ስምንት ሰዓት ላይ 19 በመቶ ደረሰ፤ ያኔ ግን ያንን የሚያይ እንግዳ አልነበረም። የቃጠሎ ኃላፊ መሆን ከፈለጋችሁ መጀመሪያ መልመድ ያለባችሁ «ዛሬ አይለኮስም» ማለትን ነው።

የነገውን ትንበያ ብቻ አይታችሁም አትለኩሱ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናትም እዩ። በግንቦት 2000 እዚያው ኒው ሜክሲኮ፣ ሎስ አላሞስ ከተማ አጠገብ በሚገኝ የፓርክ ቦታ ግንቦት 4 ማታ የተለኮሰ ቃጠሎ በማግስቱ ከቁጥጥር ወጣ። ከቀናት በኋላ ኃይለኛ ነፋስ አገኘውና ከተማ ገባ። ከ200 በላይ ቤቶች ነደዱ።

መለኮስ

ልብስ ጥጥ ወይም ሱፍ። ናይለን ሰውነት ላይ ይቀልጣል። የቆዳ ጫማ፣ ጓንት፣ ኮፍያ፣ መነጽር። የምንለኩስበት ዕቃ ረጅም አፍንጫ ያለው ጣሳ ነው፤ ጫፉ ላይ ክር ይነዳል፣ ሲዘቀዘቅ የሚነድ ነዳጅ ያንጠባጥባል። ውስጡ ሦስት ወይም አራት እጅ ናፍጣ፣ አንድ እጅ ቤንዚን። ቤንዚን አብዝቶ መቀላቀል ጀግንነት አይደለም፤ ሞኝነት ነው።

ማንም ሰው ችቦ ከማንሳቱ በፊት አራት ጥያቄ ይመልሳል። ማን ነው ከላይ ሆኖ የሚያይልን? ሬዲዮው ይሰማል? በየት እንሸሻለን? ሸሽተን የት እንቆማለን? አንዱን ያልመለሰ ሰው ይቀመጣል።

ከዚያ የሙከራ እሳት። ነፋሱ በሚሄድበት ወገን ጥግ ላይ፣ የምንጣፍ ያህል ስፋት ያላት ቦታ ለኩሼ አሥር ደቂቃ አያለሁ። ነበልባሉ ከጉልበቴ በላይ ነው በታች? ጭሱ ይነሳል ወይስ መሬት ለመሬት ይሳባል? ፍንጣሪ ይዘላል? ደስ ካላለኝ እዚያው ይጠፋል። ነበልባሉ 1.2 ሜትር እስኪደርስ ድረስ ሰው በእጅ መሣሪያ ፊት ለፊት ሊገጥመው ይችላል። ከዚያ በላይ ሙቀቱ አያስጠጋም።

ሙከራው ካማረ ዋናው ሥራ የሚጀመረው ከዚያው ጥግ ነው። ነፋሱ ወደሚሄድበት ወገን ያለውን መስመር ተከትለን እንለኩሳለን። እሳቱ ነፋሱን እየተጋፈጠ ወደኋላ ይሄዳል፤ ቀስ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ሣሩን እስከ ሥሩ ይበላል። ከመስመሩ ጎን ጥቁር መሬት ይሰፋል። አሥር ሜትር፣ ሃያ ሜትር። ይህ ጥቁር ነው እውነተኛው መከላከያ፤ በዶማ የተጠረገው መነሻው ብቻ ነው።

ጥቁሩ ሲበቃ ወደ ነፋሱ ምንጭ ጥቂት ሜትር ገብቼ ከዳር እስከ ዳር ሌላ መስመር አንጠባጥባለሁ። ይሄኛው ነፋሱ ገፍቶት ወደ ጥቁሩ ይሮጣል፣ እዚያ ሲደርስ የሚበላው የለም፣ ይሞታል። ርቀቱን በጨመርኩ ቁጥር የሚሮጥበት ሜዳ ይረዝማል፣ ነበልባሉም ከፍ ይላል። ስለዚህ የእሳቱን ቁመት የምቆጣጠረው በእግሬ ነው። አምስት ሜትር ገብቼ ቁመቱ ካሳሰበኝ የሚቀጥለውን ሦስት አደርገዋለሁ። ዳገት ላይም ያው ነው። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች። በየ10 ዲግሪው ዳገት የእሳቱ ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ከታች የለኮሰ ሰው ከላይ ያሉ ባልደረቦቹን እያባረራቸው ነው።

ዙሪያውን አንዴ አያይዞ መሐሉ እንዲነድ መተው ፈጣን ነው፣ ለፎቶም ያምራል። እኔ አላደርገውም። መሐሉ ላይ ያለ እንስሳ መውጫ ያጣል፣ እሳቱም እርስ በርሱ እየተሳሳበ ይቆጣል። ሙሉውን ቦታ እኩል ማጥቆርም ግብ አይደለም። እዚህ ጥቁር፣ እዚያ አረንጓዴ ሆኖ የተዥጎረጎረ መሬት ለወፉም ለሚዳቋውም ይሻላል።

ከእሳቱ በኋላ

አሁን ካሜራው ሄዷል፣ ሁሉም ደክሟል፣ ሰው ሻወር ነው የናፈቀው። ብዙ እሳት የሚያመልጠው ግን እዚህ ጋ ነው።

ከመስመሩ ወደ ውስጥ ቢያንስ 30 ሜትር ድረስ ያለ ትኩስ ነገር ሁሉ ይጠፋል። ውሃ አፍስሶ መሄድ አይበቃም። ውሃው ላዩን አመድ ያረጥባል፣ ከሥር ያለው ፍም ይስቅባችኋል። አፍስሱ፣ በአካፋ ገልብጡ፣ እንደገና አፍስሱ። ከዚያ ጓንታችሁን አውልቁ። የእጃችሁን ጀርባ፣ መዳፋችሁን ሳይሆን ጀርባውን፣ ወደ አመዱ አቅርቡ። ሙቀት ከተሰማችሁ ወደ ማፍሰሱ ተመለሱ። ካልተሰማችሁ ቀስ ብላችሁ ንኩት፣ ጣታችሁን ወደ ውስጥ አስገቡ። ዓይን ይዋሻል። እጅ አይዋሽም።

ይህን የተማርኩት አዋርዶኝ ነው። በሦስተኛ ዓመቴ አንድ ጉቶ ተሰጠኝ። ውሃ አፈሰስኩ፣ ዞርኩት፣ ጭስ የለም፣ «ጠፍቷል» ብዬ በሬዲዮ ተናገርኩ። በእጄ አልነካሁትም። በአራተኛው ቀን ከመስመሩ ማዶ፣ ካልነካነው ሣር መሐል፣ እሳት ተነሳ። የጉቶው ሥር ከመሬት በታች ሲጨስ ከርሞ፣ በመስመሩ ሥር ሾልኮ በዚያኛው ወገን ብቅ ብሎ ነበር። ሩብ ሄክታር ሳይሞላ ደረሱበት። ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሪባን እጠቀማለሁ። ትኩስ ጉቶ፣ ግንድ ወይም ሥር ባገኘን ቁጥር አጠገቡ ባለ ዱላ ላይ ቢጫ ሪባን ታስሮ ይቆጠራል። በየማለዳው እንመለሳለን። ማለዳ የምመርጠው አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ነው፤ እንደ ክር የቀጠነች ጭስ እንኳ ቀጥ ብላ ስትቆም ትታያለች። በእጅ ተነክቶ የቀዘቀዘው ሪባኑ ይፈታል፤ የፈታው ሰው ኪሱ ያስገባዋል። ቁጥሩ እስኪገጥም ማንም አይሄድም።

ባለፈው ጊዜ 23 አስረን ነበር። በአምስተኛው ማለዳ ኪሳችንን አራግፈን ስንቆጥር 22። አንዱ ልጅ «ነፋስ ወስዶት ይሆናል» አለ። ሁለት ሰዓት ፈለግን። በመጨረሻ ከአንድ የወደቀ ግንድ ጫፍ አጠገብ ዱላውን አገኘሁት። ግማሹ ከስሏል፣ ሪባኑ የለም። ጓንቴን አውልቄ የእጄን ጀርባ ወደ ግንዱ ሆድ አስጠጋሁ። ሳልነካው ነው የመለስኩት። «ውሃ!» አልኩና አካፋዬን አነሳሁ።